ጨዋታን መልሶ ማበጀት
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

የሰው ልጅ ከሥራው ባረፈ ጊዜ ጨዋታ ይፈልጋል። ጨዋታውንም እንደ ተረከበው አያኖረውም፤ እንደ አገሩና እንደ ልቡ ጥቂት ይጨምርበታል፤ ጥቂትም ይቀንስለታል። ለዚህ ምስክር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ገበጣን ማየት ይበቃል። በእኛ ቤት ከእንጨት የተፈለፈለ አሮጌ ገበጣ አለ። ከስማዳ ወይም ከእስቴ እንግዳ መጥቶ ለጨዋታ ሲቀመጥ፣ አያቴ ጠጠሩን ከመደልደላቸው በፊት «በእናንተ አገር ደንቡ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እንግዳውም የአገሩን ደንብ ይናገራል፤ ከተስማሙ በኋላ ይጫወታሉ። ገበጣው አንድ ነው፤ ጠጠሩም አንድ ነው፤ ደንቡ ግን ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ይለወጣል። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአገራችንና በአካባቢዋ ከ100 በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ዛሬ ላስረዳ የተነሣሁት ግን ስለ ገበጣ አይደለም። ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ይኸውም ሌላ ሰው የሠራውን ጨዋታ ተጫዋቾች ራሳቸው እንዴት አድርገው መልሰው እንደሚያበጁት፣ ከዚህም ምን ትምህርት እንደሚገኝ ነው። ወላጆች «ጌም» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን እንደሚያጨፈግጉ አውቃለሁ። የሚያጨፈግጉበትም ምክንያት አላቸው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ለምሳሌ የምወስደው «ስካይሪም» የሚባለውን ነው። ይህን ጨዋታ ቤተዝዳ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በኖቬምበር 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. አወጣው። እኔ ዘንድ የደረሰው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። የአጎቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሲመጣ የተጠቀመበትን አሮጌ ላፕቶፕ ከነጨዋታው ሰጠኝ። የመጀመሪያው ስካይሪም 2 ጊጋ ባይት ማስታወሻና 6 ጊጋ ባይት የማኖሪያ ስፍራ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ ስለሚችል፣ ላፕቶፑ እያቃሰተም ቢሆን ተሸከመው።

የጨዋታው ታሪክ ተረት ነው። በረዶ በለበሰ ተራራማ አገር ውስጥ ጠፍተው የነበሩ ዘንዶዎች ይመለሳሉ። ተጫዋቹ የዘንዶን ነፍስ ወደ ራሱ መሳብ የሚችል ጀግና ይሆናል። ነገር ግን ታሪኩን እንዲከተል የሚያስገድደው የለም። ቢሻው አንጥረኛ፣ ቢሻው መድኃኒት ቀማሚ፣ ቢሻው ሌባ ሆኖ መኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከሌላው የሚለየው ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ መኖሩና ያንንም ሰው ራሱ ማነጹ ነው።

ጀግናውን ስለ ማነጽ

በመጀመሪያ ተጫዋቹ ከ10 ነገዶች አንዱን ይመርጣል። እያንዳንዱ ነገድ የተፈጥሮ ስጦታ አለው። ኖርድ የተባለው ነገድ ከብርድ አስማት የሚደርስበትን ጉዳት በግማሽ ይቋቋማል፤ ይህን ባየሁ ጊዜ «እንግዲህ ይህ የጉና ሰው ነው» ብዬ ሣቅሁ።

ከነገዱ ቀጥሎ ሙያዎች ይመጣሉ። ቁጥራቸው 18 ሲሆን በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የተዋጊው ወገን ቀስት፣ መመከት፣ ከባድ ጥሩር፣ ባለ አንድ እጅ መሣሪያ፣ ባለ ሁለት እጅ መሣሪያና አንጥረኝነት ናቸው። የአስማተኛው ወገን ማጥፋት፣ መለወጥ፣ መናፍስት መጥራት፣ ምትሃት፣ ፈውስና ጠልሰም ማሳደር ናቸው። የሌባው ወገን ደግሞ ማድባት፣ ቀላል ጥሩር፣ ቁልፍ መክፈት፣ ኪስ ማውለቅ፣ መድኃኒት መቀመምና አንደበት ናቸው። ስሞቹን ወደ አማርኛ የመለስናቸው እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነን።

ሙያ በዋናነት የሚያድገው በመሥራት ነው። በሰይፍ የተዋጋ በሰይፍ ይሠለጥናል፤ ብረት የቀጠቀጠ በአንጥረኝነት ይልቃል። ሙያዎቹ ሲያድጉ የጀግናው ደረጃ ይጨምራል፤ በአንድ ደረጃ በወጣ ቁጥርም ተጫዋቹ ሁለት ነገር ይመርጣል። አንደኛው ጤናን፣ የአስማት ኃይልን ወይም ብርታትን በ10 መጨመር ነው። ሁለተኛው በአንድ ሙያ ውስጥ ልዩ ችሎታ መውሰድ ነው። በ18ቱ ሙያዎች ውስጥ በጠቅላላው 251 ልዩ ችሎታዎች አሉ። በመጀመሪያው አሠራር ግን ከ81ኛ ደረጃ በላይ መውጣት አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ የሚወሰዱት 80 ብቻ ነበሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ማስተካከያ ይህን ወሰን ቢያነሣውም፣ መምረጥ የጨዋታው እምብርት ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ እየመረጡ ጀግናን ማነጽን ተጫዋቾች «ቢልድ» ይሉታል።

የእኔ የመጀመሪያ ጀግና አልተሳካልኝም። ሁሉንም ልያዝ ብዬ ትንሽ ሰይፍ፣ ትንሽ አስማት፣ ትንሽ ቁልፍ መክፈት አስተማርሁት። ደረጃው 20 ሲደርስ ግን ተራ ሽፍታ ያሸንፈው ጀመር። ለምን እንዲህ እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። በዚህ ጨዋታ የብዙዎቹ ጠላቶች ኃይል የጀግናውን ደረጃ እየተከተለ ያድጋል። እኔ ቁልፍ በመክፈትና ብረት በመቀጥቀጥ ደረጃዬን ከፍ ሳደርግ፣ ጠላቶቼ በውጊያ ይበረቱ ነበር፤ እኔ ግን በውጊያ እንደ ነበርሁ ነኝ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት አባቴ ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ትርጉሙን ያስተማረኝ ግን ያ ሽፍታ ነው።

ለሚጀምር ሰው ሦስት የታወቁ አነጻጾችን ልጥቀስ። የመጀመሪያው ከባድ ተዋጊ ነው፤ ባለ አንድ እጅ መሣሪያን፣ መመከትን፣ ከባድ ጥሩርንና አንጥረኝነትን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ሁለተኛው አድብቶ የሚወጋ ቀስተኛ ነው፤ ሳይታይ የወረወረው ፍላጻ ሁለት እጥፍ ይጎዳል፤ ተገቢውን ልዩ ችሎታ ሲወስድም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛው አስማተኛ ነው፤ ጅምሩ አስቸጋሪ ነው፤ የአስማት ኃይሉ ቶሎ ያልቅበታልና። ነገር ግን ጠልሰም ማሳደርን እስከ 100 ካደረሰና በራስ መሸፈኛው፣ በልብሱ፣ በቀለበቱና በአንገት ጌጡ ላይ የአንድን አስማት ወጪ በ25 በመቶ የሚቀንስ ጠልሰም ካሳደረ፣ አራት ጊዜ 25 መቶ ስለሆነ ያ አስማት ያለ ወጪ ይሠራለታል። ይህ ከሒሳብ በቀር ሌላ ምንም አይደለም።

ቅጥያ እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ድርጅቱ ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. «ዶውንጋርድ»፣ «ሃርዝፋየር» እና «ድራጎንቦርን» የተባሉ ሦስት ተጨማሪዎችን ለሽያጭ አወጣ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ደግሞ «ክርዬሽን ኪት» የሚባለውን የሥራ መሣሪያ ለማንም ሰው በነጻ ሰጠ። ይህ መሣሪያ ሠሪዎቹ ጨዋታውን ካዘጋጁበት መሣሪያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ተጫዋች አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ቤት፣ አዲስ ሰው፣ አዲስ አገር እንኳ ሠርቶ በጨዋታው ላይ መቀጠል ቻለ። ይህን ተጫዋች የሠራውን ነገር ፈረንጆች «ሞድ» ይሉታል። በእኛ የከተማ ቋንቋ ግን «ሞድ መያዝ» ማለት ማላገጥ ስለሆነ፣ ሰውን ከማሳሳት ብዬ እኔ «ቅጥያ» እለዋለሁ።

የቅጥያ አሠራር እንደሚከተለው ነው። የጨዋታው ዋና መዝገብ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። በውስጡ እያንዳንዱ ሰይፍ፣ እያንዳንዱ በር፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር አለው። ቅጥያው ዋናውን መዝገብ አይፍቀውም፤ «ቁጥሩ ይህ የሆነው ሰይፍ ክብደቱ ከእንግዲህ ይህን ያህል ይሁን» የሚል ትንሽ መዝገብ ሆኖ በጎኑ ይቀመጣል። ጨዋታው ሲከፈት ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ዋናውን፣ ቀጥሎም ቅጥያዎቹን በተራ ያነባል። ሁለት ቅጥያዎች ስለ አንድ ሰይፍ የተለያየ ነገር ቢናገሩ የሚጸናው በመጨረሻ የተነበበው ነው። ነገሩ እንደ አዋጅ ነው፤ የኋለኛው አዋጅ የፊተኛውን ይሽራል። ስለዚህ የቅጥያ አዋቂነት ግማሹ ተራን ማወቅ ነው።

ከዚህ የተነሣ የሚጠበቁ ደንቦች አሉ።

አንደኛ፤ ቅጥያ የሚደገፍበትን ሌላ ፋይል ሳያሟሉ መክፈት አይገባም፤ ጨዋታው ገና ሲጀምር ይዘጋል።

ሁለተኛ፤ ዋናውና ቅጥያው አንድ ላይ ከ255 ፋይል አይበልጡም። ምክንያቱም የእያንዳንዱ ፋይል መለያ የሚጻፍበት ስፍራ ሁለት አኃዝ ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም በአሥር ሳይሆን በ16 መሠረት ነው። 16 ጊዜ 16 ሲባዛ 256 ይሆናል፤ አንዱ መለያ ለጨዋታው ለራሱ የተጠበቀ ነው። በሒሳብ ክፍል የቁጥር መሠረትን ስንማር «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብለን ለጠየቅነው መምህራችን መልሱ እነሆ።

ሦስተኛ፤ ጨዋታውን ጀምሮ በመሐል ቅጥያን ማውጣት አደገኛ ነው። ቅጥያው በተቀመጠው ጨዋታ ውስጥ ሥር ሰድዷልና፣ ከተሸመነ ሸማ ውስጥ አንድ ድር እንደ መሳብ ይቆጠራል። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ያስቀመጥሁትንም ሳልገለብጥ፣ አንድ ቅጥያ አውጥቼ የሁለት ወር ልፋቴን በአንድ ምሽት አጠፋሁ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የራሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ማስታወሻዬን እንኳ በሁለት ፍላሽ ላይ አኖራለሁ።

እነማን ናቸው የሚሠሩት?

ቅጥያ ሠሪዎች አብዛኞቹ እንደ እኛ ያሉ ተጫዋቾች ናቸው። አንዳንዶቹ ድርጅቱ ሳያርም የተዋቸውን ስሕተቶች ለቅመው አርመዋል፤ ይህ የእርማት ቅጥያ ዛሬ ብዙ ተጫዋች ከሁሉ በፊት የሚጭነው ነው። አሌክሳንደር ቬሊኪ የተባለ አሜሪካዊ በ2013 እ.ኤ.አ. «ፎልስካር» የተባለ አዲስ ምድር ከነሰዎቹና ከነታሪኩ ሠርቶ ሲያወጣ ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። የደከመበት በአንድ የጨዋታ ድርጅት ተቀጥሮ ለመሥራት ችሎታውን ለማሳየት ነበር፤ ቆይቶም ቡንጂ የተባለ የታወቀ ድርጅት ቀጠረው። ኒክ ፒርስ የተባለው አውስትራሊያዊ የሕግ ባለሙያ ደግሞ በትርፍ ሰዓቱ «የተረሳችው ከተማ» የተባለ ቅጥያ ጻፈ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የአገሩ የጸሐፊዎች ማኅበር ሸለመው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራው ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኖ ወጣ።

የድካም ዋጋ ጉዳይም አለ። በኤፕሪል 2015 እ.ኤ.አ. ቅጥያን በገንዘብ መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ ከሽያጩ ለሠሪው የሚደርሰው 25 በመቶ ብቻ ነበር። ተጫዋቾች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ አሠራሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሣ። እኔ በዚህ ነገር አሳቤ እስካሁን አልቆረጠም። በነጻ መስጠት መልካም ነው፤ የሠራ ሰው እንዲበላም ደግሞ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል አንድ የቅርብ ነገር ልጨምር። «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2» የተባለው የጦርነት ጨዋታ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኢትዮጵያውያን በውስጡ አልነበሩም። ጨዋታው ካረጀ በኋላ የወደዱት ሰዎች ተሰብስበው በ2012 እ.ኤ.አ. በራሳቸው ፈቃድ ቅጥያ ሠሩለት። ድርጅቱም ሥራቸውን አይቶ ተቀበላቸው፤ እነዚሁ ሰዎች በኖቬምበር 2015 እ.ኤ.አ. «የአፍሪካ መንግሥታት» የተባለውን ተጨማሪ አወጡ። በእርሱም ኢትዮጵያውያን ባለ ሾተል ወታደሮቻቸውን ይዘው ገቡ፤ የዮዲት ታሪክም የሚጫወቱት ዘመቻ ሆነ። በጨዋታው ውስጥ ኢትዮጵያዊውን ገበሬ ሲያዝዙት የሚመልሰው በአማርኛ ነው። ይህን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በከተማችን በአንድ ጌም ቤት ነበር፤ ይጯጯህ የነበረው ልጅ ሁሉ ዝም አለ። አንድ ታናሽ ልጅ «እኛም አለንበት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እኔም በዚያን ቀን ሌሎች ያስገቡንን ያህል እኛ ራሳችን ብንገባ ምን ይሆን ነበር ብዬ አሰብሁ። በአዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ገበጣን በእጅ ስልክ የሚጫወቱት አድርጎ ሠርቶታልና ነገሩ የማይቻል አይደለም።

የእኛ ሙከራ

ከዚህ በኋላ እኔና ጓደኛዬ የስካይሪምን ቃላት ወደ አማርኛ ለመመለስ ተነሣን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜ የሚያስፈልገንን የሥራ መሣሪያ የአጎቴ ልጅ በፍላሽ አድርጎ እየላከልን ነበር የጀመርነው። አንድ ፋይል ቢጎድል የሚቀጥለውን መንገደኛ መጠበቅ ነው። ይህ ጥበቃ ግን አንድ ነገር አስተማረን፤ ከመጠየቃችን በፊት የሚያስፈልገንን ሁሉ አስበን በወረቀት መጻፍ ጀመርን።

ትርጉሙ ቀላል መስሎን ነበር። የኖርዶች የማር መጠጥ ያለ ጥርጥር ጠጅ ነው። ጀግናው ዘንዶን የሚመታበት የቃል ኃይል ግን ጩኸት ይባል ወይስ ፉከራ? ጓደኛዬ ፉከራ ይሁን አለ፤ እኔ ፉከራ ከውጊያ በፊት ነው፣ ይህ ግን ራሱ መሣሪያ ነው አልሁ። ሦስት ቀን ተከራክረን ወደ አማርኛ መምህራችን ሄድን። እርሳቸውም «ነጎድጓድ ለምን አትሉትም?» አሉን። ተቀበልን።

ቃሉን አስገብተን ጨዋታውን ስንከፍተው ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ታየ። ጨዋታው የራሱ የፊደል ግምጃ ቤት አለው፤ በግምጃ ቤቱ ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበልጣሉ። እነዚህን ሁሉ በግምጃ ቤቱ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ሁለት ጊዜ ወደቅን፤ በሦስተኛው የአጎቴ ልጅ በዩኒቨርሲቲው ያዘጋጀው የፊደል ፋይል ሠራ።

በዚያ ምሽት አያቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የፈረንጅ ፊደል አያነቡም፤ ስለዚህ እስከዚያ ቀን ድረስ ላፕቶፑን እንደ ልጅ ማታለያ ነበር የሚያዩት። ወደ እርሳቸው ሳዞረው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ፈውስ … አንጥረኝነት … ጠጅ» ብለው በጣታቸው እየጠቆሙ አነበቡ። ቀጥለውም «ደንቡ እንዴት ነው?» አሉኝ። ለእንግዳ የሚያቀርቡትን ጥያቄ ለእኔ ማቅረባቸው ነበር።

እስካሁን የመለስነው 18ቱን የሙያ ስሞችና ጥቂት የዕቃ ስሞችን ብቻ ነው። የሰዎቹ ንግግር ገና አልተነካም።

ስለ ጉዳቱ

አሁን ወላጆች ወደሚያጨፈግጉበት ነገር ልመለስ። ባለፈው ዓመት በመጀመሪያው መንፈቅ በክፍል ከነበርሁበት 4ኛ ደረጃ ወደ 11ኛ ወረድሁ። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ ሳይሆን ሌሊት ነው፤ መብራት በሌሊት ስለሚመጣ እኔም በሌሊት እጫወት ነበር። እናቴ «በዚያ ውስጥ ያለው ጀግና ሲያድግ አንተ አነስህ» አለችኝ። ይህ ቃል ከየትኛውም ቅጣት ይልቅ ነካኝ። በሁለተኛው መንፈቅ ጨዋታውን ለቅዳሜ ብቻ ተውሁት፤ ደረጃዬም ወደ 5ኛ ተመለሰ።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የምለው «ተጫወቱ» ብቻ አይደለም። መቶ ሰዓት የተጫወተ ሰው ጨዋታን ያውቃል፤ አሥር ሰዓት ቅጥያ ለመሥራት የደከመ ሰው ግን ሒሳብን፣ እንግሊዝኛን፣ የገዛ ቋንቋውንና ትዕግሥትን ይማራል። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ሁለቱንም መኰነን ትክክል አይመስለኝም።

መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ቅዳሜ ጧት ለሁለት ሰዓት ቢከፈትልን፣ ጌም ለመጫወት ሳይሆን ለመሥራት የምንሰበሰብ ተማሪዎች አለን። የጀመርነውን ትርጉም በሚመጣው ዓመት ለታናናሾቻችን አስረክበን ብንሄድ፣ እነርሱ ደግሞ የራሳቸውን ይጨምሩበታል፤ የማይረባውንም ይቀንሱለታል። እኛ ያልነውን «ነጎድጓድ» ሽረው ሌላ ስም ቢያወጡለት እንኳ አንቀየምም፤ የኋለኛው አዋጅ የፊተኛውን ይሽራልና።